የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ኋላ ሲወጣ፦ የተጎዳው ነርቭ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይለያል?

እህት ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 26 ሲሆን የሚተዳደረው በእንጨት ሥራ ነው። በአንገቱ ቀኝ ጎን ንፍፊት አብጦበት ስለነበር በአንድ ሆስፒታል እጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ተመረመረ። ውጤቱ የእጢ ቲቢ ሆኖ በመገኘቱ መድኃኒት ጀመረ፤ አሁንም ሳያቋርጥ እየወሰደ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገለት አምስት ወር ሊሞላው ነው።

ቁስሉ በደህና ቢድንም ከዚያ ወዲህ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል፤ እጁን ወደ ጎን ከትከሻው ከፍታ በላይ ማንሳት አቅቶታል፤ ከጀርባው ሲታይም የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት እንደ ክንፍ ወደ ኋላ ወጥቶ ይታያል። ሲመሽ ከአንገቱ ሥር እስከ ትከሻው ጫፍ ድረስ ከባድ ድካም የተቀላቀለበት ሕመም ይሰማዋል። በመጀመሪያ የወሰድነው ወጌሻ ዘንድ ነበር፤ ትከሻው ወልቋል ተብሎ ታሽቶ ታሰረለት፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ቀጥሎ በአንድ ክሊኒክ ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። በመጨረሻ የአንገት ኤምአርአይ ታዘዘለትና በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ በጥቂቱ ወጣ ብሏል ስለተባለ፣ ችግሩ የዲስክ ነው በሚል የሕመም ማስታገሻና የአንገት መደገፊያ ተሰጥቶታል።

እኔን ያላሳመነኝ ችግሩ የጀመረው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መሆኑ ነው። ይህ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል? ከሆነስ የትኛው ነርቭ እንደሆነ የሚለየው በምን ምርመራ ነው? ልምድም ሆነ ሙያ ያላችሁ እንድታግዙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።


ፊዚዮቴራፒስት፣ ጅማ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። የጻፍሽውም ታሪክ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ነገር ግን ከመደምደማችን በፊት ወንድምሽ ልብሱን ከወገብ በላይ አውልቆ ከጀርባው በደንብ መታየት አለበት። ይህን አጥብቄ የምለው ወደ እኛ ክፍል በአንገት ዲስክ፣ በትከሻ መጋጠሚያ ብግነት ወይም በጡንቻ መሸማቀቅ ስም ተልከው ከመጡ ታካሚዎች መካከል ጀርባቸው ጨርሶ ታይቶ የማያውቅ ስላጋጠሙኝ ነው። ሸሚዝ ለብሶ በተቀመጠ ሰው ላይ ይህን ችግር መለየት አይቻልም።

ስካፑላ የሚባለው የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ከጎድን አጥንቶች ጋር በመጋጠሚያ አልተያያዘም። ደረት ላይ ተለጥፎ እንዲንሸራተት የሚያደርጉት ጡንቻዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለጥያቄሽ የሚያስፈልጉን ሦስቱ ናቸው። አንደኛው ሴራተስ አንቲሪየር ነው፤ ከጎድን አጥንቶች ተነሥቶ በስካፑላ ሥር አልፎ ወደ አከርካሪ በሚቀርበው ጠርዙ ላይ ይጣበቃል፤ የሚያዘውም ሎንግ ቶራሲክ የሚባለው ነርቭ ነው። ሁለተኛው ከራስ ቅል ሥር እስከ ጀርባ አጋማሽ የሚወርደው ትራፒዚየስ ሲሆን የሚታዘዘው በአክሰሰሪ ነርቭ፣ ማለትም በ11ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ ስካፑላዎች መካከል ያለው ሮምቦይድ ነው፤ የእርሱ ነርቭ ዶርሳል ስካፑላር ይባላል።

ሦስቱም ሲደክሙ አጥንቱ ወደ ኋላ ይወጣል፤ የሚወጣበት አቅጣጫና የሚብስበት እንቅስቃሴ ግን ይለያያል። ሴራተስ ሲደክም ስካፑላው ወደ ላይና ወደ አከርካሪው ይጠጋል፤ የታችኛው ጥግም ወደ አከርካሪው ይዞራል፤ ሰውየው ሁለት እጁን በግድግዳ ላይ ዘርግቶ ሲገፋ ወይም እጁን ወደ ፊት ሲያነሳ ጎልቶ ይወጣል። ትራፒዚየስ ሲደክም ደግሞ በተቃራኒው ትከሻው ይወርዳል፤ ስካፑላው ከአከርካሪው ይርቃል፤ የታችኛው ጥግ ወደ ውጭ ይዞራል፤ እጅ ወደ ጎን ሲነሳ ይብሳል፤ ወደ ፊት ሲነሳ ግን ይቀንሳል። በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው መስመርም ሥጋው ስለሚመነምን ከሌላው ጎን ጋር አይመሳሰልም። የሮምቦይድ ድካም ከሁለቱ ይልቅ ስውር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሙሉ በሙሉ የተነሳ እጅ ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው።

ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚከተለውን ተመልክተሽ ብትጽፊልን መልካም ነው። በመጀመሪያ እጆቹን ወደ ታች ለቅቆ ሲቆም አጥንቱ ወደየት እንደሚሄድ እዪ። ቀጥሎ ግድግዳ ሲገፋና እጁን ወደ ጎን ሲያነሳ ልዩነቱን አወዳድሪ። ከዚያም ክንዱን ከጎኑ አስጠግቶ፣ ክርኑን በማዕዘን አጥፎ፣ የእጁን መዳፍ ወደ ውጭ ሲገፋ አንቺ በእጅሽ ተቃውመሽ ያዢው፤ በዚህ ጊዜ የስካፑላው ጠርዝ ከደረቱ ተላቅቆ ብድግ የሚል ከሆነ ይህ የትራፒዚየስ ድካም ጠንካራ ምልክት ነው። በመጨረሻም የሚደነዝዘው ቦታ ካለ የት እንደሆነ ጠይቂው።


ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ነው። የእኔ ታሪክ ከወንድምሽ ለየት ያለ ቢሆንም ለሌሎች አንባቢዎች ሊጠቅም ስለሚችል ልጻፈው።

ጉንፋን መሰል ሕመም ካገገምኩ በኋላ አንድ ሌሊት በቀኝ ትከሻዬ ላይ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ኃይለኛ ሕመም ቀሰቀሰኝ። መተኛትም መቀመጥም አልቻልኩም፤ የሕመም ማስታገሻም አልበገረውም። ሕመሙ እየቀነሰ ሲመጣ እፎይ አልኩ፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን እጄን ወደ ፊት ማንሳት እየከበደኝ መሆኑን አስተዋልኩ። ባለቤቴ ነች የስካፑላዬ አጥንት መውጣቱን ያየችው። በመጀመሪያ የታየኝ ሐኪም የትከሻ ጅማት ተቀድዶ ይሆናል ብሎ የትከሻ ኤምአርአይ አዘዘ፤ ጅማቴ ጤናማ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ተልኬ ግድግዳ እንድገፋ ሲያደርገኝ ወዲያውኑ ገባው። የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ ተደርጎልኝ የሎንግ ቶራሲክ ነርቭ ጉዳት መሆኑ ተረጋገጠ፤ የበሽታውም ስም የፓርሰኔጅ እና ተርነር ሕመም እንደሚባል ተነገረኝ።

ቀዶ ሕክምና አላስፈለገኝም። በትዕግሥትና በፊዚዮቴራፒ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ እጄ ወደ ቀድሞው ተመለሰ ማለት እችላለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ፤ ነርቭ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይመለሳል።


እህት ከአዳማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባልኩት አደረግሁ። ወንድሜ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቀኝ ትከሻው ከግራው በግልጽ ይወርዳል፤ አጥንቱም ከአከርካሪው ርቆ ወደ ውጭ ሸሽቷል። ግድግዳ ሲገፋ ብዙም አይወጣም፤ ወደ ጎን ሲያነሳ ግን ይብሳል፤ ክንዱም ከትከሻው ከፍታ አያልፍም። መዳፉን ወደ ውጭ ሲገፋ እኔ ስይዘው ጠርዙ ልክ እንደተገለጸው ብድግ አለ። እጁና ጣቶቹ አይደነዝዙም፤ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ የጆሮው ታችኛው ክፍልና የመንጋጋው ጥግ እንደሚደነዝዘው ነገረኝ። እኛ ይህን ከቁስሉ ጋር የተያያዘ ቀላል ነገር አድርገን ስለቆጠርነው ለማንም አልነገርንም ነበር።

አንድ ግራ የሚያጋባኝ ነገር አለ። በክሊኒኩ የአንገት ነርቭ ጉዳት ይኖር ይሆን ብለን ስንጠይቅ፣ ሐኪሙ ትከሻውን ወደ ጆሮው እንዲያነሳና ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያዞር አደረገው። ትከሻውን በትንሹም ቢሆን ማንሳት ቻለ፤ ራሱንም በደህና አዞረ። ስለዚህ ነርቩ ደህና ነው ተባልን።


የነርቭ ሕክምና ሬዚደንት፣ አዲስ አበባ

እህታችን፣ የጻፍሽው ምርመራ የተሟላ ስለሆነ በቀጥታ ልናገር። በጽሑፍ ብቻ የበሽታ ስም መስጠት አይገባም፤ ነገር ግን የገለጽሽው ሁሉ የሚያመለክተው በአንገቱ ጎን ላይ የተጎዳ አክሰሰሪ ነርቭን ነው፤ ወንድምሽም በዚህ ሰሞን በነርቭ ሐኪም መታየት አለበት።

የክሊኒኩ ምርመራ ለምን እንዳሳሳተ ላስረዳ። አክሰሰሪ ነርቭ ራስን ለሚያዞረው የአንገት ጡንቻ ቅርንጫፉን የሚሰጠው በጎን በኩል ወዳለው የአንገት ሦስት ማዕዘን ከመድረሱ በፊት ነው። ነርቩ ከዚያ ጡንቻ ኋላ ጠርዝ ወጥቶ ወደ ትራፒዚየስ የሚያመራው በዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በእጢዎች መካከል ነው። እጢ ሲወጣ የሚጎዳውም በዚሁ ቦታ ነው። ስለዚህ ትራፒዚየስ ሙሉ በሙሉ ሽባ ሆኖ እንኳ ራስን የማዞር ኃይል ጤናማ ሆኖ ይቀራል። ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሳትም እንዲሁ አያስተማምንም፤ ሌቫተር ስካፑሌ የሚባለው ሌላ ጡንቻ ይህን እንቅስቃሴ በከፊል ይሸፍናል፤ በአንዳንድ ሰዎችም የትራፒዚየስ የላይኛው ክፍል ከሦስተኛውና ከአራተኛው የአንገት ነርቮች ተጨማሪ ቅርንጫፍ ያገኛል። ወንድምሽ ትከሻውን በትንሹ ማንሳቱ ነርቩ ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከዚህ ይልቅ የሚያስተማምነው እጅ ወደ ጎን ሲነሳ አጥንቱ የሚያሳየው ባሕርይና አንቺ ያደረግሽው የመዳፍ ግፊት ነው።

የጆሮው መደንዘዝ ቀላል ነገር አይደለም። ለጆሮ ታችኛው ክፍልና ለመንጋጋ ጥግ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በዚያው የአንገት ጡንቻ ኋላ ጠርዝ ላይ፣ ከአክሰሰሪ ነርቭ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የአንዱ መደንዘዝ የቀዶ ሕክምናው ቢላ በየት በኩል እንዳለፈ ያሳያል። ለሐኪሙ ይህን ሳትረሺ ንገሪ።

ስለ ዲስኩም አንድ ነገር ልበል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ በብዙዎቹ ላይ የዲስክ መውጣት ይገኛል፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ የበለጠ ይገኛል። ስለዚህ የኤምአርአይ ውጤት ትርጉም የሚኖረው ከአካል ምርመራው ጋር ሲስማማ ነው። በወንድምሽ ላይ የታየው ዲስክ የሚነካው ስድስተኛውን የአንገት ነርቭ ሥር ነው፤ ያ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ወደ ክንድና ወደ አውራ ጣት ይወርድ፣ ክርን የሚያጥፈው ጡንቻ ይደክም፣ የጅማቱም ምላሽ ይቀንስ ነበር። ትራፒዚየስ ግን ከዚያ ሥር ነርቭ አያገኝም። በእርግጥ የሰባተኛው ሥር ጉዳት ሴራተስን አድክሞ አጥንቱን ሊያስወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ክርን የሚዘረጋው ጡንቻም አብሮ ይደክማል፤ መካከለኛው ጣትም ይደነዝዛል።

ቀጣዩ ምርመራ ኢኤምጂ የሚባለው የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ ነው። ይህ አገልግሎት በአገራችን በጥቂት ቦታዎች፣ በአብዛኛውም በአዲስ አበባ የሚገኝ ስለሆነ ሪፈር አጽፋችሁ ኑ። ምርመራው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ አንገት ላይ ነርቩ በቀላል የኤሌክትሪክ ምት ይነቃና በትራፒዚየስ ላይ የሚመጣው ምላሽ ከጤናማው ጎን ጋር ይወዳደራል። ቀጥሎ ቀጭን መርፌ ወደ ጡንቻው ገብቶ፣ በዕረፍት ላይ ሳለ ነርቭ ያጣ ጡንቻ የሚያሳየው ያልታዘዘ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መኖሩና ሰውየው ጡንቻውን ሲያዝ የሚነሳ ምልክት መኖሩ ይታያል። ይህ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ለመታየት ከጉዳቱ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ተሠርቶ ጤናማ ነው የተባለ ውጤት ብዙ ሰዎችን አዘናግቷል። ለወንድምሽ ግን ያ ጊዜ አልፏል፤ አሁን ቢሠራ ውጤቱ ይታመናል። መርማሪው ሴራተስን፣ ሮምቦይድን እና በአከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉትን የአንገት ጡንቻዎች አብሮ ማየት አለበት፤ እነዚህ ጤናማ ሆነው ትራፒዚየስ ብቻ የተጎዳ ከሆነ የዲስኩ ጥያቄ ይዘጋል። የሴራተስና የሮምቦይድ ምርመራ ከሳንባ በላይ የሚሠራ ስለሆነ መርፌው በጥንቃቄና በልምድ ባለው እጅ መግባት ይኖርበታል።

አሁን ከሲልቨር ስፕሪንግ ከጻፉት ወንድማችን በአንድ ነጥብ ላይ በአክብሮት እለያለሁ። የእርሳቸው ሕመም እንግሊዛውያኑ ሐኪሞች ፓርሰኔጅ እና ተርነር በ1948 እ.ኤ.አ. 136 ሕሙማንን ይዘው የገለጹት ነው፤ በኃይለኛ የሌሊት ሕመም ጀምሮ ሕመሙ ሲያልፍ ድካም ይከተላል። እዚያ ነርቩ አልተቆረጠም፤ መጠበቅም ተገቢ ነበር። በቀዶ ሕክምና ወቅት የተጎዳ ነርቭ ግን ተቆርጦ ወይም በክር ታስሮ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ ነርቭ ያለ እርዳታ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም፤ ነርቭ ያጣ ጡንቻም ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ ነርቭ ቢደርሰው እንኳ አይቀበለውም። ለዚህ ነው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የመመለስ ምልክት ካልታየ ቦታው ተከፍቶ ነርቩ እንዲታይ የሚመከረው። ወንድምሽ አምስተኛው ወር ላይ ነው። ስለዚህ ጊዜ ይፈታዋል የሚለው ምክር ለእርሱ አይሆንም።


ከሲልቨር ስፕሪንግ

ዶክተር፣ ማብራሪያዎን ተቀብያለሁ። የሁለቱ ጉዳት መንስኤ እንዲህ የተለያየ መሆኑን በሚገባ አስረድተውኛል። ለእኔ ለምን ያን ያህል ረጅም ጊዜ እንደፈጀብኝ ግን እስካሁን አይገባኝም።


የነርቭ ሕክምና ሬዚደንት፣ አዲስ አበባ

የተጎዳ የነርቭ ክር የሚያድገው በቀን በአማካይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሎንግ ቶራሲክ ነርቭ ከአምስተኛው፣ ከስድስተኛውና ከሰባተኛው የአንገት ነርቭ ሥሮች ተነሥቶ፣ በአንገት ጡንቻ መካከል አልፎ፣ በደረት ጎን እስከ ሴራተስ የታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ ርዝመቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ጉዳቱ አንገት አጠገብ ከሆነ የታችኛው ጡንቻ ነርቭ እስኪደርሰው ከ200 ቀን በላይ ያልፋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጡንቻው ኃይሉን ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። ለሎንግ ቶራሲክ ጉዳት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት መጠበቅ የተለመደ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።


የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ

ለሌሎች አንባቢዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ለጡት ካንሰር የብብት እጢዎች በሚወጡበት ቀዶ ሕክምና ሎንግ ቶራሲክ ነርቭ በዚያው አካባቢ ስለሚያልፍ አንዳንዴ ይሳባል ወይም ይጎዳል። ከዚያ በኋላ የትከሻ አጥንታቸው የወጣ እናቶች እጃቸው አልነሳ ያለው በጠባሳው ምክንያት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ወደ ክትትል ሲመጡም ቁስሉ እንጂ ጀርባቸው አይታይም። ሐኪማቸው ግድግዳ አስገፍቶ እንዲያያቸው እንዲጠይቁ እመክራለሁ። በከባድ የጀርባ ሻንጣ ማሠሪያም ይኸው ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል በወታደሮች ላይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በትከሻቸው ሸክም የሚሸከሙ ሰዎችም እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ እንዳይዘናጉ።


ባለ ሞተር፣ ባሕር ዳር

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከርእሱ እንዳልወጣ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሞተር ብስክሌት ወድቄ ግራ ክንዴ ከትከሻ ጀምሮ ደክሟል። ወደ ጎን አይነሳም፤ ክርኔም አይታጠፍም፤ ስካፑላዬም ወጥቷል። ሐኪሜ የስካፑላው መውጣት መጥፎ ምልክት ነው አለኝ፤ ምክንያቱን ግን አላስረዳኝም። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።


የነርቭ ሕክምና ሬዚደንት፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከርእሱ አልወጣም። ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች ከአንገት አከርካሪ ከወጡ በኋላ እየተገናኙና እየተለያዩ አንድ ትልቅ መረብ ይሠራሉ። ሎንግ ቶራሲክና ዶርሳል ስካፑላር ግን መረቡ ከመጀመሩ በፊት በቀጥታ ከሥሮቹ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ በአደጋ ክንዱ ከደከመበት ሰው ላይ ሴራተስና ሮምቦይድ ጤናማ ከሆኑ ጉዳቱ ከእነርሱ በታች፣ በመረቡ ውስጥ ነው ተብሎ ይገመታል። እነርሱም አብረው ከደከሙ ግን ጉዳቱ ወደ ሥሩ የቀረበ ነው፤ ሥሩ ከህብለ ሰረሰር ላይ ተነቅሎ ሊሆንም ይችላል። የተነቀለ ሥር መልሶ ስለማይሰፋ ሕክምናው የሚሆነው ከሌላ ጤናማ ነርቭ ቅርንጫፍ ወስዶ ማገናኘት ነው። ሐኪምህ የተጨነቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለአንተ የአንገት ኤምአርአይ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የነርቭ መረብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ዘንድም ሳትዘገይ ድረስ። ስለ ራስህ ጉዳት ለብቻው ርእስ ከፍተህ የምርመራ ውጤትህን ብትጽፍ በዝርዝር እንነጋገራለን።


አባት፣ ደሴ

የ15 ዓመት ልጄ ሁለቱም የትከሻ አጥንቶቹ ወደ ኋላ ወጥተዋል። ምንም አደጋ አልደረሰበትም፤ አያመውምም። እርሱም የነርቭ ጉዳት ይሆን?


ፊዚዮቴራፒስት፣ ጅማ

አባታችን፣ በሁለቱም ጎን ቀስ በቀስ የመጣና ሕመም የሌለበት ሲሆን ከነርቭ ይልቅ የጡንቻ በሽታ መታሰብ አለበት። ልጁ ሲተኛ ዐይኖቹ ሙሉ በሙሉ ይከደናሉ? ማፏጨት ወይም በቀጭን ቱቦ መጠጣት ይከብደዋል? ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ ትከሻ ያለው ሰው አለ? መልሱ አዎን ከሆነ የፊት፣ የስካፑላና የላይኛው ክንድ ጡንቻዎችን የሚያደክም በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ያሳዩት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የጀርባው አጥንት ያልተጣመመ መሆኑ ይታይ፤ ቀጫጭን ልጆች ላይ አቋቋምም ብቻውን አጥንቱን በጥቂቱ ያስወጣዋል።


እህት ከአዳማ

ውጤቱን ላሳውቃችሁ ብዬ ተመልሻለሁ። ሪፈር አጽፈን አዲስ አበባ መጥተን ኢኤምጂ ተሠራለት። በቀኝ ትራፒዚየስ በሦስቱም ክፍሎች ነርቭ ያጣ ጡንቻ ምልክት ተገኝቷል፤ ጡንቻውን ሲያዝም ምንም ምላሽ አልታየም፤ በግራ በኩል ግን ጤናማ ነው። ሴራተስ፣ ሮምቦይድና የአንገት ጡንቻዎች ሁሉ ደህና ናቸው ተብሏል። በአልትራሳውንድም ነርቩ ጠባሳው ሥር ሲደርስ መስመሩ እንደሚቋረጥ ታይቷል። ሐኪሙ የአንገት መደገፊያውን አስወልቆ ወደ ቀዶ ሐኪም ልኮናል፤ ቦታውን ከፍተው ነርቩን ሊያዩ፣ ከተቆረጠም ሊያገናኙት ቀጠሮ ይዘውልናል። የቲቢ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥም አሳስበውናል።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። እስከዚያ ድረስ ምን ማድረግ ይገባዋል? ነርቩ ከተሰፋ በኋላስ መመለሱ የሚታወቀው በምንድን ነው?


የነርቭ ሕክምና ሬዚደንት፣ አዲስ አበባ

በፍጥነት መንቀሳቀሳችሁ አስደስቶኛል። ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ነርቩ ወደ ጡንቻው ሲደርስ በዐይን ከሚታየው እንቅስቃሴ በፊት በኢኤምጂ ላይ ትንንሽና ቅርጻቸው የተሰነጣጠቀ አዳዲስ ምልክቶች ይታያሉ፤ ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምርመራው በየጥቂት ወሩ ይደገማል። ከአንገት እስከ ትራፒዚየስ ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ይህ ነርቭ ከሎንግ ቶራሲክ ይልቅ ቶሎ የመድረስ ዕድል አለው። ነርቩ ሊገናኝ ካልቻለ ወይም ጡንቻው ካልተመለሰ ደግሞ ሌቫተር ስካፑሌንና ሮምቦይድን ከነበሩበት ነቅሎ በስካፑላው ላይ ወደ ውጭ አርቆ በመትከል የትራፒዚየስን ሥራ እንዲተኩ የሚያደርግ፣ ኤደን እና ላንጌ በሚባሉ ሐኪሞች ስም የሚጠራ ቀዶ ሕክምና አለ። በሩ በአንድ ጊዜ አይዘጋም።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ የአንገት እጢ ቲቢ በአገራችን ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው፤ በብዙ ታካሚዎች ላይ በቀጭን መርፌ በሚወሰድ ናሙና ሊታወቅ ይችላል፤ ናሙናውም የቲቢን ጀርም በዘረ መሉ በሚለየው ጂን ኤክስፐርት በሚባል መሣሪያ ይመረመራል። እጢው ሙሉ በሙሉ ይውጣ ከመባሉ በፊት ይህ ተሞክሮ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። መውጣቱ ግድ ከሆነም በዚያ ቦታ የሚያልፈው ነርቭ እንዲጠበቅ መጠየቅ መብታችሁ ነው።


ፊዚዮቴራፒስት፣ ጅማ

የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ እኔ ልመልስ። ነርቭ የሌለውን ጡንቻ በኃይል ለማጠንከር መሞከር አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው የትከሻው መጋጠሚያ እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። ወንድምሽ በጀርባው ተኝቶ፣ በጤናማው እጁ የታመመውን ክንድ ይዞ፣ ሕመም ሳይኖር እስከሚችልበት ድረስ ወደ ላይ ያንሳ፤ ይህን በየቀኑ ያድርግ። ሲቀመጥ ክንዱን በጠረጴዛ ወይም በትራስ ላይ ያሳርፍ፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ወይም ሲሄድ እጁን በኪሱ ወይም በቀበቶው ላይ ያሳርፍ፤ የክንዱ ክብደት በሌቫተርና በሮምቦይድ ላይ ሲንጠለጠል ነው ማታ ማታ የሚያመው። እንጨት መሸከምና ከራስ በላይ መሥራት ለጊዜው ይቅር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሰፋው ነርቭ እንዳይሳብ አንገትንና ትከሻን የማንቀሳቀስ ገደብ ስለሚኖር፣ እስከ መቼ እንደሆነ ከቀዶ ሐኪሙ በጽሑፍ ተቀበሉና ለሚያክመው ፊዚዮቴራፒስት ይዛችሁ ሂዱ።


እህት ከአዳማ

የቀዶ ሐኪሙን መመሪያ በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ የሚደገመውን የኢኤምጂ ውጤትም እዚሁ እጽፋለሁ። ዶክተር፣ ወንድሜ ፊዚዮቴራፒስት፣ እናንተም ሌሎቻችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።